ሰላምታ ከመርሳ

የራዲዮአችንን የባትሪ ድንጋይ የሰረቁት ኣደይ ኣብርሀት ናቸው ብዬ አምኜ፣ ስንት ጠዋት ሰላምታቸውን ሳልመልስ በአጠገባቸው አልፌያለሁ።

ኣደይ ኣብርሀት አከራያችን ነበሩ። ግቢው መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ ከገበያው ጀርባ ነው። ትልቁን ቤት እሳቸው ይዘው፣ በጎን ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን እኛ፣ አንዱን ኣያ ኣለምሰገድ ተከራይተናል። እኛ ማለት አባቴ ኸድር፣ እናቴ ዙሀራና እኔ ሩፋይዳ ነን። አባቴ ከወሎ፣ ከመርሳ፣ ብርቱካን በአይሱዙ እያስጫነ ያመጣል፤ እማ ገበያ ላይ ትቸረችራለች። ኣያ ኣለምሰገድ ደግሞ የራዲዮ ሰው ነው።

ጣቢያው ራዲዮ ሰሜን ይባል ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ብዙ የለም፤ በ1989 ዓ.ም. ተከፍቶ ዓመት ሳይሞላው ተዘግቷል። በውቅሮ መንገድ ዳር አንድ ቤት ተከራይተው፣ ጓሮው ውስጥ በሽቦ የተወጠረ ቀጭን የብረት ምሰሶ አቁመው በመካከለኛ ሞገድ ያሰራጩ ነበር። የሚሰራው ከአመሻሽ ጀምሮ ለጥቂት ሰዓት ነው። ቁሓ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ካለፉ ነፋስ ብቻ ነው ይሉ ነበር።

ከሁሉም የሚወደደው የመልእክት ሰዓት ነበር። በዚያን ጊዜ ስልክ በስንት ቤት አለና። ሰው ከሩቅ ሆኖ መልእክቱን በወረቀት ጽፎ ለሾፌር ይሰጣል፣ ሾፌሩ ጣቢያው በር ላይ ይጥለዋል፣ ኣያ ኣለምሰገድ ያነበዋል። መጀመሪያ በትግርኛ፣ ቀጥሎ ለእኛ ለወሎዬዎቹ በአማርኛ። እገሌ በሰላም ገብቷል፤ እገሊት ተገላግላለች፤ ግራጫ በቅሎ የጠፋችበት ሰው እንዲህ ያለ መንደር ሄዶ ይጠይቅ።

ከሁሉም የሚፈራውም እሱው ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን ሞትም ይነበብ ነበርና፣ አንዲት ቅቤ ነጋዴ የወንድሟን ሞት ሚዛን እንደያዘች ከጎረቤት ሱቅ ራዲዮ ሰማች። መርዶ በአገራችን እንዲህ አይነገርም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ በማለዳ ይመጣል፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ቃሉ ከአፍ የሚወጣው። ያቺን ሴት የያዛት አልነበረም። ከነሚዛኗ ወደቀች። ሽማግሌዎቹ ጣቢያው ድረስ ሄደው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ሞት የሚል ቃል ቀርቶ በምትኩ "ቶሎ ና" ወይም "ቶሎ ነይ" ይነበብ ጀመር። ከተማው ግን ትርጉሙን ወዲያው አወቀው። የመልእክት ሰዓት ሲደርስ ገበያው ጸጥ ይላል። የአንዱ ስም ሲጠራ የሌላው ትንፋሽ ይለቀቃል።

ይህን ሁሉ የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ስለነበር፣ ስም በራዲዮ መጠራት ከሠርግ የበለጠ ክብር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ እማ ሆዷ ገፍቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሽርጡን እያጠበቀ እንዲህ አላት፦

"ብቆይ እንዳትጨነቂ። በሾፌር ወረቀት እልካለሁ። በኣለምሰገድ አፍ ሰላም እልሻለሁ።"

"ስሜን በራዲዮ ልታስጠራ? ሰው ምን ይላል?"

"ወሎዬ ሚስቱን ይወዳል ይላላ።"

"ሂድ ወዲያ፣ መኪናው ያመልጥሃል" አለችው። ፊቷን ግን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

"የኔስ ስም?" አልኩ።

"ያንቺማ ከሁሉም በፊት ነው" አለኝ።

እማ ከቀኗ ቀድማ፣ እሱ በሄደ በሳምንቱ ወለደች። ወንድ ልጅ። ደም ብዙ ስለፈሰሳት አዋላጇ ከአልጋ እንዳትነሳ፣ እንዳትደነግጥ ብላ አስጠንቅቃ ሄደች። መደንገጥ የሚለው ቃል በግቢያችን ከባድ ቃል ነበር። ከኔ ቀጥሎ የተወለደ አንድ ወንድም ነበረኝ፤ እማ በሱ አራስ ሳለች የእናቷን መርዶ አረዷት። በዚያው ወተቷ ደረቀ። ልጁም አልቆየም። ኣደይ ኣብርሀት ያ ሕፃን ሲሞት በእጃቸው ይዘውት ስለነበር አዲሱን ልጅ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት "ጠባ?" ብለው ነው።

ስሙን ግን አላወጣንለትም። "አባቱ ሲመጣ ያወጣለታል" አለች እማ።

ሐቢብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐቢብ የአባቴ የብርቱካን ሸሪክ ነው፤ ሲመጣ ሁልጊዜ ድምፁ ከሱ ቀድሞ ይገባል። ያን ቀን ከበሩ አላለፈም። እኔ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ዳንቴል የሚመስል ሻጋታ በእንጨት እየፋቅኩ ነበር። ኣደይ ኣብርሀት ወጡለት።

"ከኣላማጣ ወደ ኮረም በሚወጣው ዳገት ላይ ነው" አለ ሐቢብ። "መኪናው ወደ ኋላ ሸሸ። ብርቱካኑ መንገዱን ሞልቶት ሰው እየረገጠው..." ብሎ አቆመ።

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ሓወይ። ወዴት ወሰዱት?"

"ወደ መርሳ መለሱት። ትናንት።"

"እዝጊኦ" አሉና ኣደይ ኣብርሀት ግድግዳውን ያዙ። ከዚያ፣ "ለአራስ አይነገርም። ያኛው ልጅ እንዴት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።"

"አርባዋን እስክትወጣ ነው ያልነው። ሀፊሳንም አፍሽን ያዢ ብያታለሁ።"

ሀፊሳ የሐቢብ ሚስት ናት። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ሆኜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ብርቱካኑ ተደፍቷል። አባቴ ሌላ ሊያስጭን ወደ መርሳ ተመልሷል። እማ ለዕቃ መበላሸት ቁጡ ስለሆነች ፈርተው ሊደብቋት ነው። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ መፍራታቸው አስቆኝ ነበር።

በማግስቱ ራዲዮው አልናገር አለ። ጀርባውን ስከፍተው ድንጋዮቹ የሉም። ትንሽ ቀደም ብሎ ኣደይ ኣብርሀት ጡጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከክፍላችን ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።

"እማ፣ ድንጋዩ ተወስዷል።"

"አንዱ አውጥቶት ይሆናል። ተይው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

እኔ ግን አልተውኩትም። አባቴ ሰላም ሲለን ማን ሊሰማልን ነው? በመልእክት ሰዓት ኣባዲ ሱቅ ሄጄ ቆምኩ። ኣባዲ የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ ራዲዮው ከስኳር ጆንያው በላይ ተሰቅሎ መንገዱን ሁሉ ያሰማል። እንዳየኝ አጠፋው።

"ተበላሽቷል፣ ጓለይ" አለኝ። ከረሜላ ሰጠኝ።

ከረሜላውን ይዤ ጥጉን እንደዞርኩ ራዲዮው ይናገር ጀመር። ተመልሼ ስሮጥ እንደገና ተበላሸ። በሌላ ቀን ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ ሳልፍ ከየቤቱ የሚሰማው ድምፅ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። ሁሉም ተማክረው የጠሉን መሰለኝ። ወሎዬ ስለሆንን ይሆን እስከማለት ደረስኩ። ሰፈር ሙሉ ሰው፣ የኛ አገር ሰው ያልሆነው ጭምር፣ አንዲት አራስ እንዳትሰማ ብሎ ራዲዮውን ዝቅ አድርጎ ይሰማ እንደነበር ማን ይንገረኝ።

ዛሬ ልጄ ስልኳን ይዛ ስትቀመጥ ልቤ አይረጋም። መርዶ አሁን በማንኛውም ሰዓት፣ ከማንም እጅ፣ ከነፎቶው ይመጣል። ሳትበላ ከሆነ፣ ብቻዋን ከሆነች እያልኩ እፈራለሁ። "እማ፣ አንቺ ደግሞ አበዛሽው" ትለኛለች። ይሆናል።

ኣያ ኣለምሰገድንም ጠየቅኩት። ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት።

"የአባ ወረቀት አልመጣም?"

እንደገና ታጠበ። ሳሙናው ቀድሞ ለቆ ነበር።

"አልመጣም" አለኝ። "ሲመጣ አነበዋለሁ።"

"ስሜ ነው መጀመሪያ የሚጠራው። እንዳትረሳ።"

"አልረሳም" አለና ሳያብስ ገባ።

ወረቀቱ ግን መጥቶ ነበር። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ከኣደይ ኣብርሀት ነው። የጻፈው መርሳ ያለው አጎቴ ነው። እማ መውለዷን አያውቅም፤ የወንድሙ ሚስት ለሐዘኑ ለምን አልመጣችም ብሎ እየተቆጣ "ዙሀራ ቶሎ ነይ" ብሎ ላከ። ኣያ ኣለምሰገድ ወረቀቱን ከሌሎቹ ሥር እያደረገ በየቀኑ ለነገ አሳደረው። በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ አገኘው። ኃላፊውም ክፉ ሰው አልነበረም። የሰው መልእክት ደብቀን ብንገኝ ማን ያምነናል፣ ነገ ይነበባል አለ። ኣያ ኣለምሰገድ ጠዋት ኣደይ ኣብርሀትን ጠርቶ፣ "ዛሬ ማታ አነበዋለሁ። ግድ ነው። ራዲዮ በዚህ ግቢ እንዳይከፈት" አላቸው። ኣደይ ኣብርሀት ሰፈሩን ዞረው አስጠነቀቁ። የኛ ራዲዮ ድንጋይ እሳቸው መሶብ ሥር ስለነበር ለኛ ቤት አልሰጉም።

እኔ ደግሞ የዚያኑ ቀን የእጅ ባትሪ አገኘሁ። ሐቢብ ለእማ፣ ሲመሽ ውጭ ስትወጣ እንድታበራበት ትቶላት የሄደው ነው። ሁለት ድንጋይ ነበረው። የኛ ራዲዮም የሚጎርሰው ሁለት ነው።

ሲመሻሽ ሀፊሳ ሾርባ ይዛ መጣች። እማ ትራስ ተደግፋ ልጁን ታጠባለች።

"ሐቢብ ለኸድር ላከበት ወይ፣ መገላገሌን?" አለቻት።

ሀፊሳ የሾርባውን ክዳን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። "የሚሄድ መኪና አጥቶ። ገና አልላከም። ይልካል ኢንሻ አላህ" አለች። ልጆቿን ጥላ መምጣቷን ተናግራ ቶሎ ወጣች።

እሷ እንደወጣች ድንጋዮቹን አስገባሁ። ራዲዮው ሲያንኮራፋ እማ ደነገጠችና ሳቀች።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከሐቢብ ባትሪ።"

"ሌባ። በይ ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።"

ኣደይ ኣብርሀት አጥሚት በጣሳ ይዘው ሲገቡ የመልእክት ሰዓት ሙዚቃ እየተሰማ ነበር። በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ፊታቸውን አይቼ፣ ስርቆቱ ስለተነቃባቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"ዝጊው፣ ጓለይ" አሉኝ። "ለአራስ ጫጫታ ጥሩ አይደለም።"

"ተይው" አለች እማ። "እስቲ ይቀመጡ ኣደይ። ምን ጫጫታ አለው?"

"ጆሮሽ ይበርድሻል።"

"ራዲዮም ብርድ አለው እንዴ?"

ኣደይ ኣብርሀት ወደ ራዲዮው እጃቸውን ዘረጉ። እማ ክንዳቸውን ያዘች። እንዲህ ያለ ጉልበት አላት ብዬ አላስብም ነበር።

"ኸድር በራዲዮ ሰላም እልሻለሁ ብሎኝ ነው የሄደው። ቀኑ አልፏል። ዛሬ ካልጠራኝም ይሁን፣ ግን ልስማው። ኣደይ፣ እለምንዎታለሁ።"

ኣደይ ኣብርሀት እኔን አዩ፣ ልጁን አዩ። ከከለከሏት ለምን እንደከለከሏት ሊነግሯት ነው። ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጣሳው ዘንብሎ አጥሚቱ ቀሚሳቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አላወቁትም።

ትግርኛው አለቀ። የኣያ ኣለምሰገድ ድምፅ በአማርኛ ቀጠለ። በቤት ከሚናገርበት ድምፅ ወፍራም ነው፤ እኔ ማይክሮፎኑ የሚያወፍረው ይመስለኝ ነበር። ከኮምቦልቻ ለአቶ እገሌ፣ ጎማው ተልኳል። ከወልድያ ለወይዘሮ እገሊት፣ ልጅሽ ፈተናውን አልፏል። ኣደይ ኣብርሀት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የማርያምን ስም በለሆሳስ ይጠሩ ነበር።

"ከመርሳ" አለ ኣያ ኣለምሰገድ። "መቀሌ ቀዳማይ ወያነ ለምትገኚው ለወይዘሮ ዙሀራ።"

እማ ልጁን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ኣያ ኣለምሰገድ አንድ ጊዜ ሳለ። ድንጋዩ እያለቀ ነው ብዬ ራዲዮውን በመዳፌ መታሁት።

"ወይዘሮ ዙሀራ" አለ፣ ይሄኛው ድምፅ የቤቱ ድምፅ ነበር። "ባለቤትሽ ኸድር ሰላም ብሎሻል። መኪና ተበላሽቶበት ነው የቆየው። እሱ ደህና ነው። ልጁን ሩፋይዳን፣ አዲስ የተወለደውንም ልጁን ሳሚልኝ ብሏል። አታስቢ፣ በደንብ ብዪ ጠጪ ብሏል።" አሁንም ሳለ። "ቀጥሎ፣ ከሐይቅ ለአቶ..."

ዘለልኩ። ስሜ መጀመሪያ ባለመጠራቱ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቢሆንም ተጠርቷል። አልጋው ላይ ወጥቼ እማን አቀፍኳት። "ልጁንም አውቆታል! እማ፣ መወለዱን አውቋል!" አልኩ።

ኣደይ ኣብርሀት ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ከአልጋው ወደ ወለሉ ተንሸራተው ተቀመጡ። ከደስታ ነው ብዬ ይቅር አልኳቸው።

እማ አልጮኸችም፣ አልሳቀችም። መዳፏ የልጁ ጭንቅላት ላይ እንዳለ ቀረ። "አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያ፣ "ዝጊው ሩፋይዳ። ሰማነው እኮ።"

ይህን እስክረዳ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ተኝቼ ሳለ እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው፣ እንደ ዋዛ፣ "አባትሽ የልጁን መወለድ ከማን ሰምቶ ነው ሳሚልኝ የሚለው?" ያለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ሀፊሳ መልእክት አለመላኩን ነግራት ከበሩ ሳትርቅ ነው ራዲዮው ያንን የተናገረው። ኣያ ኣለምሰገድ አቅሙ እስከቻለ ሊያስደስታት ፈልጎ አንድ ሰው አብዝቶ ሰላም አለ። የውሸቱ ደግነት ነው እውነቱን የነገራት።

በማግስቱ ጠዋት እማ ሸህ አብዱልወዱድ እንዲጠሩላት ላከች። እሳቸው የወሎ ሰዎች ሁሉ ሽማግሌ ናቸው።

"ስሙን ያውጡለት" አለቻቸው።

"አባቱ ያወጣለታል አላልሽም እንዴ?" አልኳት እኔ።

"ሰላም ብሎን የለ። አውጡለት ማለቱ ነው።"

ጀማል ተባለ። ሸህ አብዱልወዱድ ዱዓ አድርገው ሊነሱ ሲሉ እማ፣ "ያሲንም ይቅሩልኝ" አለች።

"ለልጁ?"

"ለቤቱ" አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ሸሁ አጎንብሰው አዩዋት። ያሲን ለሞተ ሰው እንደሚቀራ ያኔ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ያውቃሉ። ተመልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀሩላት። ሲወጡ እኔን ራሴን ዳሰሱኝ። ለማንም እንዳልተናገሩ ከዚያ በኋላ በሆነው አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ተለወጠች፤ ሁሉም ግን ተሻላት አሉ። የሰጧትን ሁሉ ትበላለች። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ የሀፊሳን ሾርባ፣ ሳትመርጥ፣ እንደ ሥራ። ጉትቻዋን አወለቀች፤ ጆሮዬን አሳከከኝ አለች። ኩል አልቀባም፣ ዓይኔን ያስለቅሰኛል አለች። ሀፊሳ ሂና በጥብጣ ስትመጣ ሽታው ራሴን ያመኛል ብላ መለሰቻት። እኔ አንድ በአንድ አመንኳት። ባሏ የሞተባት ሴት ከነዚህ እንደምትርቅ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አገር ሁሉ ተሰልፎ በሚደብቃት ሐዘን ውስጥ ተቀምጣ፣ ሐዘኗን ከሚደብቋት ሰዎች ትደብቅ ነበር። ፈርታ ነው። ከተናገረች ለቅሶ ይጀመራል፤ ለቅሶ ከተጀመረ ወተቷ ይደርቃል። ያንን ልጅ ደግማ መቅበር አልፈለገችም።

አጠገቧ የምተኛው እኔ ነበርኩ። በነቃሁ ቁጥር ዓይኗ ክፍት ነው። አንድ ጊዜ "ለምን አትተኚም?" አልኳት። "አባትሽ ሲመጣ በሩን እንድሰማ" አለችኝ። ጀማል ጡቷ ላይ ነበር። እየዋጠ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

እኔ ግን ሰፈሩን ዞሬ አዳረስኩት። አባቴ በራዲዮ ሰላም አለን፣ ሊመጣ ነው አልኩ። ሴቶቹ ሕምባሻ እየቆረሱ ሰጡኝ፤ ፊታቸውን አዞሩ። ኣባዲ የከረሜላውን ጣሳ እንዳለ ከፍቶ "የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ" አለኝ። በሕይወቴ ከሁሉ የተከበርኩበት ሰሞን ያ ነበር።

ኣያ ኣለምሰገድን ከማይክሮፎን አነሱት። ያልተጻፈ አነበብክ አሉት። ለጥቂት ጊዜ ሌላ ሰው አነበበ፤ ክረምት ሲገባ የማሰራጫው መሣሪያ ተቃጠለ። የሚጠግን አልተገኘም፤ ጣቢያውም በዚያው ቀረ። ምሰሶውን ቆርጠው ሸጡት ይባላል። ያ ቤት ዛሬ የብሎኬት ማምረቻ ነው። እኔም ከዚያ ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ጀማልን አዝዬ ከእማ ጋር ብርቱካን ቸረቸርኩ። ማንበብና መጻፍ በወጉ የተማርኩት ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ይህንን ለመጻፍ ሳስብ እማን አስፈቀድኳት። ኣያ ኣለምሰገድ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። "እሱ ከሌለ ማንን ይጎዳል፣ ጻፊው" አለችኝ።

የአራስነት አርባዋ በሞላ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተከፈተ። ብዙ እግር ሰማሁ። አባቴ ሰው አስከትሎ የመጣ መስሎኝ ከአልጋ ወረድኩ። እማ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ጀማል ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ከግድግዳው በኩል ተኝቷል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራለች።

"ነይ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ" አለችኝ።

ሸህ አብዱልወዱድ ቀድመው ገቡ፤ ሐቢብ፣ ሀፊሳ፣ ሌሎች የወሎ ሰዎች ተከተሉ። ኣደይ ኣብርሀት ከገበያው ሴቶች ጋር መጡ። ሀፊሳ በግራዋ ተቀመጠች፣ ኣደይ ኣብርሀት በቀኟ። ኣያ ኣለምሰገድ አልገባም። የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል።

ሸሁ ስለ አላህ ውሳኔ ረጅም ተናገሩ። ከዚያ የአባቴን ስም ጠሩ። ከኔ በቀር ሁሉም ሰው መሬት መሬት ያይ ነበር።

እማ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። አላቋረጠችም። ከዚያ ያ ሁሉ ጊዜ የያዘችው ድምፅ ወጣ። ኣደይ ኣብርሀትና ሀፊሳ ሁለቱ ሆነው ሊይዟት አልቻሉም። ጀማል ነቅቶ አለቀሰ፤ አንዷ አንስታ ወሰደችው። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አባቴ መርሳ የተመለሰው ብርቱካን ሊያስጭን እንዳልሆነ። ሐቢብን "ዋሽተሃል" ብዬ በጡጫ መታሁት። ቆሞ ተመታልኝ።

ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ገብታ ነበር። ኣያ ኣለምሰገድ ከበሩ ንቅንቅ አላለም። በጋቢው ጫፍ አፉን ይዟል። ወደ ውስጥ አይመጣም፣ አይሄድም። እማ አየችው።

"ኣለምሰገድ፣ ወንድሜ። ግባ እንጂ።"

"ምን ዓይን አለኝ፣ ዙሀራ" አለ። "እያወቅኩ በሕይወት እንዳለ አድርጌ... በሱ ስም..."

ኣደይ ኣብርሀት እማን ቀና ብለው አዩዋት፤ አሁን ምን ትለው ይሆን ብለው እንደፈሩ ያስታውቃሉ። ሸህ አብዱልወዱድ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

"እንዲህ አትበል" አለች እማ። ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። "በዚያች ሰላምታ እኮ ነው የተኛሁት። አምኜህ እንቅልፍ ወሰደኝ። ልጁም የጠባው በሷ ነው። አላህ ይስጥህ።"

ኣያ ኣለምሰገድ ጋቢውን ከአፉ ላይ ለቀቀ። አንድ እግሩን ከመቃኑ አሳለፈና መልሶ ቆመ።

"እውነት ተኝተሻል?"

አልተኛችም። እኔ ነኝ አጠገቧ የነበርኩት። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት የእማ እጅ ከነጠላዋ ሥር መጥታ ጣቶቼን ጨመደደቻቸው። አጥንቴ እስኪሰማኝ ያዘችኝ። ወደኔ ግን አልዞረችም። እሱ አሁን እኔን ነበር የሚያየው፤ ልጅ አይዋሽም ብሎ ነው መሰለኝ።

"እወ" አልኩት በሱ ቋንቋ። "ተኝታ ነበር።"

ገባ።